የቤት አገልግሎት መድረክ የሙከራ ንድፍና ያልተጠየቁት ጥያቄዎች

መግቢያ

በኮሌጃችን የክፍል ፕሮጀክቶች ዝርዝር ውስጥ በየዓመቱ የማይጠፋ አንድ ርእስ አለ። እርሱም ቧንቧ ሠሪውን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን፣ ተመላላሽዋንና ልብስ አጣቢዋን በእጅ ስልክ አማካይነት ከአሠሪዎች ጋር የሚያገናኝ ዲጂታል መድረክ ማዘጋጀት ነው። ርእሱ የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ከዘበኛው እስከ ባለሱቁ እየጠየቀ ሠራተኛ ሲያፈላልግ፣ በሌላው ሰፈር ደግሞ ሙያ ያለው ሰው የመሣሪያ ቦርሳውን እንደ ያዘ ሥራ አጥቶ ይውላል። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት መልካም ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም።

እንግዲህ የዚህ አጭር ሒስ ዓላማ አሳቡን ለመንቀፍ ሳይሆን አሳቡ የሚፈተንበትን መንገድ ለመመርመር ነው። ፕሮቶታይፕ የሚባለው የሙከራ ንድፍ ብዙ ገንዘብና ድካም ከመባከኑ በፊት አንድ ያልታወቀ ነገር ለማወቅ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ሐያሲው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ያማረ ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ለማወቅ ተሠራ?» ብሎ ነው። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያሉት ንድፎቻችን ቀላሉን ነገር ጠይቀው ከባዱን ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ይህንንም የምለው በሌላ ሰው ሥራ ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ለምሳሌ የማቀርበው እኔ ራሴ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የሠራሁትን ንድፍ ነው።

ስለ ሠራነው ንድፍ

ንድፋችን በፊግማ የተዘጋጀ ሲሆን ሃያ ያህል ገጾች ነበሩት። ተጠቃሚው አፑን ሲከፍት የአገልግሎቶቹ ዝርዝር ይቀርብለታል፤ ከዚያ አድራሻውን ይሞላል፤ ቀጥሎ በአካባቢው ያሉትን ሠራተኞች ከነፎቶግራፋቸው፣ ከነዋጋቸውና ከነኮከባቸው ያያል፤ አንዱን መርጦ ሰዓት ይቆርጣል፤ በቴሌብር ይከፍላል፤ በመጨረሻም ሥራው ሲያልቅ ለሠራተኛው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። ድርጅቱም ከእያንዳንዱ ክፍያ ከመቶ ሃያ ኮሚሽን ይወስዳል።

ንድፉ መልካም ጎን አልነበረውም ለማለት አይቻልም። በደላላ በኩል ሠራተኛ የፈለገ ሰው ደላላው ከማን ምን ያህል እንደሚቀበል ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ በእኛ ንድፍ ግን ዋጋውም ኮሚሽኑም በግልጽ ተጽፈዋል። ሠራተኛው ከዚህ ቀደም የሠራው ሥራ ተመዝግቦ ይቆያል፤ የተከፈለውም ገንዘብ ደረሰኝ አለው። ንድፉን ለክፍል ጓደኞቻችን ባሳየናቸው ጊዜ ሁሉም ሳይቸገሩ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ደረሱ። ከዚህ የተነሣ «ንድፉ ተፈትኖ አልፏል» ብለን ጻፍን፤ ጥሩ ውጤትም አገኘን።

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ሆኖም በዕረፍት ጊዜ ንድፉን በስልኬ ይዤ በሰፈራችን ለሚገኙ ሦስት ሰዎች አሳየኋቸው። ከሦስቱ አንዳቸውም ስለ ቀለሙም ሆነ ስለ ፊደሉ መጠን ምንም አላሉም። እያንዳንዳቸው የጠየቁኝ አንዳንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ለሦስቱም መልስ አልነበረኝም። ሦስት ሰው ለጥናት ማስረጃ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጥያቄ ለማንሣት አንድ ሰውም ይበቃል።

የመጀመሪያው ጥያቄ

የመጀመሪያዋ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። የአንድ ቧንቧ ሠሪ ፎቶግራፍ ከአራት ኮከብ ተኩል ጋር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ካዩ በኋላ፣ «ኮከቡስ ይሁን ልጄ፤ ተያዡ ማን ነው?» አሉኝ።

ሁላችንም እንደምናውቀው በአገራችን አንድ ሰው ወደ ሌላው ቤት ለሥራ ሲገባ ተያዥ ይጠየቃል። ተያዥ ማለት ስለ ሠራተኛው መልካም አስተያየት የሚሰጥ ሰው ብቻ አይደለም፤ ዕቃ ቢጠፋ ወይም ጉዳት ቢደርስ ቤቱ ተሂዶ የሚጠየቅ፣ ስሙንም አስይዞ የፈረመ ሰው ነው። ኮከብ ግን የማይታወቁ ሰዎች አስተያየት ተደምሮ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ተጠርቶ አይመጣም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረት የአሮጌ አሳብ ምልክት ነው ብለን ብንስቅበትም፣ ውስጡ ያለው ትምህርት የሚጠየቅ ሰው መታወቅ አለበት የሚል ነው።

ወደ ቤቴ ተመልሼ የንድፋችንን የውል ገጽ አነበብኩት። ገጹን ከውጭ አገር አፖች ቀድተን ያስገባነው ስለሆነ ከዚያ ቀደም አንዳችንም ልብ ብለን አላየነውም ነበር። «መድረኩ ሁለቱን ወገኖች ከማገናኘት በቀር ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። እንግዲህ የደላላውን ድርሻ ልንወስድ ተዘጋጅተን ሳለ የተያዡን ሸክም ግን ለማንም አላሸከምነውም።

ሁለተኛው ጥያቄ

ሁለተኛው ለብዙ ዓመት በሙያው የኖረ ቧንቧ ሠሪ ነው። «የሚያፈስ ቧንቧ መጠገን» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ የተቆረጠውን ዋጋ አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ዕቃውን ማን ይገዛል?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ንድፋችንን ከሥሩ ነቅሎታል። የሚያፈስ ቧንቧ ማለት አንድ ጎማ በመለወጥ የሚድን ሊሆን ይችላል፤ ወይም ግድግዳ ፈልፍሎ የተበላውን ብረት ማውጣት የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። ይህም ሠራተኛው ቦታው ደርሶ ሳያይ አይታወቅም። ካየ በኋላ ከደንበኛው ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃ ይገዛል፤ ወይም ደንበኛው አብሮት ይሄዳል፤ በዕቃው ጥራትና ዋጋም ይነጋገራሉ። እኛ ግን ዋጋውን አስቀድመን ስለ ቆረጥን ሠራተኛው ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ አስገድደነዋል፤ ወይ ከኪሱ ይከስራል፣ ወይ በር ላይ ዋጋ ጨምሮ አንድ ኮከብ ይቀበላል። ለማየት ብቻ ሄዶ ሥራው ሳይስማማው ቢቀር የታክሲውን የሚከፍለው እንደሌለም ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ስሕተት አለ። በአዲስ አበባ ሰው የሰው ቤት የሚያገኘው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ሰማያዊ በር» እየተባለ በስልክ ተመርቶ ነው። ንድፋችን ግን ደንበኛውና ሠራተኛው ከመድረኩ ውጭ እንዳይዋዋሉ በመስጋት የሁለቱንም ስልክ ቁጥር ደብቋል። ኮሚሽናችንን ለመጠበቅ ስንል ሠራተኛው ቤቱን የሚያገኝበትን መንገድ ዘጋንበት ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ

ሦስተኛዋ በየቀኑ ከቤት ወደ ቤት እየተመላለሰች የምታጸዳና ልብስ የምታጥብ ሴት ናት። ስልኬን ተቀብላ ብዙ ከተመለከተች በኋላ፣ «እዚያ ቤት ማን አለ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ስላልገባኝ «ደንበኛው ነዋ» ብዬ መለስኩላት። እርሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሴት አለች ወይ ማለቴ ነው» አለች።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የምዝገባ ገጾቻችንን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ከሠራተኛዋ የመታወቂያ ፎቶግራፍ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የምትኖርበትን ሰፈርና የዘመድ ስልክ እንጠይቃለን። ከደንበኛው ግን ስሙንና ስልኩን ብቻ ነው። እርሷ በኮከብ ትመዘናለች፤ እርሱን የሚመዝን የለም። እርሷ ለቤቱ እንግዳ እንደ ሆነች ሁሉ ቤቱም ለእርሷ እንግዳ መሆኑን ከአራታችን አንዳችንም አላሰብነውም። ከአራታችን በሰው ቤት ተቀጥሮ የሠራ አንድም ስላልነበረ፣ ፍርሃቱን የምናውቀው ከበሩ ውስጥ ሆኖ ከሚጠብቀው ሰው ወገን ብቻ ነበር።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ረገድ ብዙ አያግዛትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በግል ቤት አገልግሎት የሚሠሩትን ሰዎች የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ለይቶ ትቶታል። ስለዚህ መድረኩ የሚጽፈው የውል ገጽ ለእርሷ ተራ ወረቀት አይደለም፤ ለብዙ ቀን የሚጠብቃት ብቸኛው ጽሑፍ እርሱ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። የሠራተኞችን መታወቂያ ሰብስበን ለስንት ጊዜ፣ የት፣ በማን እጅ እንደምናስቀምጠው በንድፋችን ውስጥ አንድ ቃል አልጻፍንም።

በመጨረሻም ስልኳን አወጣች፤ አፕ የማይጭን፣ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ነበር። የእኛ ንድፍ ለእርሷ ሥራ እንዲያመጣ የታሰበ ሆኖ ሳለ እርሷ ልትከፍተው አትችልም። ይህ ደግሞ መፍትሔ የሌለው ነገር አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ተራ ስልክ ያለው ሰው በ*127# እንዲጠቀምበት ሆኖ ተዘጋጅቷል። ራይድም በከተማችን ሲስፋፋ በአፑ ብቻ ሳይወሰን በ8294 የስልክ ጥሪ ደንበኞችን ያስተናግድ ነበር። ምሳሌው በቅርባችን እያለ ሩቅ ማየታችን ያሳዝናል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

እነዚህ ጥያቄዎች የሰፈራችን ሰዎች ልማድ ብቻ እንዳይመስሉ በሌላ አገር የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው ሆምጆይ የተባለው የቤት ጽዳት ድርጅት ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ከባለሀብቶች ሰብስቦ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዷ አዶራ ቸንግ ሥራውን ለማወቅ በአንድ የጽዳት ድርጅት ተቀጥራ አጽድታለች፤ ይህም የሚያስመሰግናት ነው። ይሁን እንጂ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2015 ተዘጋ። ደንበኞችን ለመሳብ የመጀመሪያውን ጽዳት በ19 ዶላር ያቀርብ ስለ ነበር በርካሹ ዋጋ የመጡት ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ጽዳቱን የወደዱትም ከሠራተኛዋ ጋር በቀጥታ ይዋዋሉ ነበር። በዚህ ላይ ሠራተኞቹ ተቀጣሪዎች ናቸው ወይስ የግል ሥራ ተቋራጮች በሚለው ክርክር አራት ክሶች ቀረቡበት።

በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 አርባንክላፕ በሚል ስም የተጀመረውና በ2020 አርባን ካምፓኒ የተባለው ድርጅት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። መጀመሪያ የሠራው እንደኛ ንድፍ ፈላጊንና ተፈላጊን ማገናኘት ብቻ ነበር። ይህ እንደማይበቃ ሲረዳ ሠራተኞችን ራሱ ወደ ማሠልጠን፣ ዋጋ ወደ መወሰንና የሥራ ዕቃ ወደ ማቅረብ ተሻገረ፤ አድጎም እ.ኤ.አ. በ2025 አክሲዮኑ በሕንድ ገበያ መሸጥ ጀመረ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በጉሩግራም ከተማ የውበት አገልግሎት የሚሰጡ ሴቶች ስለ ኮሚሽኑና ስለ ሥራው ሁኔታ በድርጅቱ ቢሮ ፊት ለፊት ሰልፍ ወጡ። ጥራትን ለደንበኛው ዋስ ሆኖ ያቀረበ ድርጅት ለሠራተኛዋ ደግሞ ዋስ መሆን እንዳለበት የታየው ያን ጊዜ ነው።

ኮሚሽን የሚከፈለው ስለ ምንድን ነው?

ከዚህ በላይ የተነገረው የደግነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል በሒሳብም እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል አንዲት ተመላላሽ በቀን 500 ብር ይከፈላታል እንበል። ከመቶ ሃያ ኮሚሽን 100 ብር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ወደ አንድ ቤት ብትሄድ በወር ስምንት ጊዜ ነውና ድርጅቱ 800 ብር ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ስላገናኛቸው 100 ብር ቢወስድ ማንም አይቆጨውም። በሁለተኛው ወር ግን አሠሪዋና ሠራተኛዋ ተዋውቀዋል፤ ቡናም አብረው ጠጥተዋል። ስለዚህ «ይህ 800 ብር ስለ ምን ይከፈላል?» ብለው መጠየቃቸው ስግብግብነት አይደለም።

ቧንቧን የመሰለው ሥራ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ቢያጋጥም ነው፤ እስከዚያም ደንበኛው የአፑን ስም ይረሳል። እንግዲህ የሚደጋገመው ሥራ ከመድረኩ ያመልጣል፤ የማያመልጠው ሥራ አይደጋገምም። ስልክ ቁጥር በመደበቅ ይህን ማገድ አይቻልም፤ ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር ሲገናኙ ቁጥር መለዋወጥ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው።

ሰው በየጊዜው ኮሚሽን የሚከፍለው ሁለቱ ብቻቸውን ሊያገኙት የማይችሉትን ነገር በየጊዜው ሲያገኝ ነው። ይኸውም ዕቃ ሲሰበር የሚከፍል፣ ሠራተኛዋ ስትታመም ምትክ የሚልክ፣ ደመወዝ ሲከለከል የሚከራከር፣ ደንበኛው ክፉ ሲሆን ሌላዋን ሴት ወደዚያ ቤት የማይልክ አካል ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ብንጠራው ተያዥ ነው። እናታችን የጠየቁት ጥያቄና የድርጅቱ የገቢ ጥያቄ አንድ ሆነው ተገኙ።

የሙከራ ንድፍ ምን ይጠይቃል?

ስቴፋኒ ሁድና ቻርልስ ሂል እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ የሙከራ ንድፍ ሦስት ነገሮችን ሊመረምር እንደሚችል አስረድተዋል፤ ዕቃው በሰው ኑሮ ውስጥ የሚኖረውን ቦታ፣ መልኩንና አያያዙን፣ እንዲሁም የአሠራሩን ዘዴ። የእኛ ሃያ ገጾች የመረመሩት መልኩንና አያያዙን ብቻ ነው። ከባዱ ጥያቄ ግን ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው።

ቦታውን ለመመርመር ደግሞ ያማረ ነገር አያስፈልግም። ጄፍ ሆኪንስ ፓልም ፓይለት የተባለችውን የኪስ ኮምፒዩተር ከመሥራቱ በፊት በልኳ የተቆረጠ እንጨት በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። እንጨቱ ምንም አይሠራም፤ ነገር ግን ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ቀኑን ሙሉ ይይዘዋል ወይ የሚለውን ጥያቄ መልሶለታል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1983 የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ ጆን ጉልድና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ መሣሪያ ገና ሳይኖር ሰዎች በእንዲህ ያለ መሣሪያ ደብዳቤ እንዲጽፉ አድርገዋል። የሚጽፈው በሌላ ክፍል የተቀመጠ ታይፒስት ነበር። መሣሪያውን ሳይሠሩ ሰው ከመሣሪያው ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ችለዋል።

እኛም እንዲሁ ማድረግ እንችላለን። አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተርና አንድ ሰፈር ይበቃሉ። ከሚታወቁ ጥቂት ሠራተኞችና ጥቂት ቤቶች ጋር፣ ሁሉም ሙከራ መሆኑን አውቀው ከፈቀዱ በኋላ፣ ለሁለት ወር በስልክ እየተቀበልን እናገናኛለን። በደብተሩ የሚመዘገበው የሚከተለው ነው፤ ማን ሁለተኛ ጊዜ ደወለ? ማን በከንቱ ተመላለሰ፤ የታክሲውንስ ማን ከፈለ? ዋጋው በር ላይ ለምን ተለወጠ? ወደ የትኛው ቤት ማን አልሄድም አለ? ከእኛ ውጭ የተዋዋሉት መቼ ተዋዋሉ፤ ምን ብናደርግላቸው ይቆዩ ነበር? ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር በተሰበረ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ማንን ፈለጉ? ገጽ መሳል የሚገባው ይህ ደብተር ከተነበበ በኋላ ነው።

ስለሚቀርበው ተቃውሞ

አንዳንድ ጓደኞቼ «እኛ የሶፍትዌር ተማሪዎች ነን፤ የዋስትናና የሕግ ጉዳይ የሌላ ትምህርት ክፍል ነው» ይሉ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ለደንበኛው የኮከብ መስጫ ሠርተን ለሠራተኛዋ ስንከለክል፣ የእርሷን መታወቂያ ጠይቀን የእርሱን ስንተው፣ «ኃላፊነት አይወስድም» የሚለውን ቃል ከሌላ ስንቀዳ፣ ሕግ እያወጣን ነበር፤ ሳናውቀው ማውጣታችን ሕግነቱን አይቀንሰውም። ሌሎች ደግሞ «ጀማሪ ድርጅት ይህን ሁሉ ሸክም ከተሸከመ አይነሣም» ይሉ ይሆናል። ይህ በእውነት የሚያስጨንቅ ነጥብ ነው፤ የዋስትናው ወጪ ከኮሚሽኑ ሊበልጥ ይችላል። ቢሆንም ይህን በሁለት ወር ደብተር ማወቅ በባለሀብት ገንዘብ ከማወቅ ይሻላል።

መደምደሚያ

ንድፋችን የታየው እንዲያምርላቸው ለታሰቡት ሰዎች ብቻ ስለ ነበር አልፏል ተባለ። ወደ በሩ በደረሰ ጊዜ ግን ሦስት ጥያቄዎች ቆመው ጠበቁት፤ ተያዡ ማን ነው? ዕቃውን ማን ይገዛል? እዚያ ቤት ማን አለ? ከእኛ በኋላ በዚሁ ርእስ የሚሠሩ ተማሪዎች አሉና፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከመሳላቸው በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ወደየሰፈራቸው እንዲወጡ አሳስባለሁ። መምህሮቻችንም ንድፍ ሲያርሙ ሥራው ለማን እንደ ታየ ቢጠይቁን ይጠቅመናል።

እኔም ንድፉን እንደገና ስጀምር ስልኬን በቅድሚያ የማሳየው ለዚያች ተመላላሽ ነው። ያን ጊዜ «እዚያ ቤት ማን አለ?» ብላ ብትጠይቀኝ መልሱ በገጹ ላይ ሊኖር ይገባል፤ ከሌለ ግን ገጹ ገና አልተጀመረም ማለት ነው።